ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር የፊልም ፌስቲቫል፦ ከቪዛ እስከ ምሽቱ መቀመጫ ድረስ

ግንቦት ሲጋመስ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ዛንዚባር የሚካሄደው ፌስቲቫል ላይ መገኘት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ጠያቂዎቹ ፊልም ሠሪዎች፣ የቲያትርና የፊልም ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ፊልም ማየት ብቻ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በየተራ ከመመለስ አንዴ በቅደም ተከተል መጻፉ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

ብዙዎች ዚፍ በሚል አጭር ስሙ የሚያውቁት የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ የሚካሄደው በደሴቲቱ አሮጌ ከተማ በስቶን ታውን ነው። የምሽቱ ዋና መድረክ የሚታወቀው ንጎሜ ኮንግዌ በተባለው አሮጌ ምሽግ ውስጥ ነው። በምሽጉ ግቢ ጣሪያ የሌለው አምፊቲያትር አለ፤ ተመልካቹ እርከን በእርከን በተሠራ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ከሰማይ በታች ፊልም ያያል። ጣሪያ አለመኖሩን ከልብ ያዙት። ከታች የምታነቡት ምክር ግማሹ፣ የሰዓቱም፣ የልብሱም፣ የፊልም ቅጂውም ጉዳይ፣ የሚነሳው ከዚያ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከቤት ሳትወጡ ይህን አሟሉ፦

- ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት
- የቪዛ ፈቃድ፣ በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ታትሞ
- የቢጫ ወባ ክትባት ዓለም አቀፍ ካርድ
- የዛንዚባር የግዴታ የጉዞ ኢንሹራንስ ማረጋገጫ
- የማረፊያ ማረጋገጫና የመመለሻ ትኬት
- ዶላር፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት፣ አዲስ ኅትመት
- ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የሶኬት አዳፕተር
- ፓወር ባንክና ትንሽ የእጅ ባትሪ
- ነጠላ ወይም ስስ ሻርፕ፣ እጅጌው ረዘም ያለ ሸሚዝ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሱሪ ወይም ቀሚስ
- የማያንሸራትት ክፍት ያልሆነ ጫማ
- የትንኝ መከላከያ ቅባት
- ለመቀመጫ የሚሆን ትንሽ ትራስ ወይም የሚታጠፍ ስፖንጅ
- ዕቃ መያዣ የጨርቅ ቦርሳ

አዳፕተሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የዛንዚባር ሶኬት ዱባይ ለሠራ ሰው የሚታወቀው ዓይነት ነው፤ የእኛ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር አይገባበትም። የኤሌክትሪኩ ኃይል ግን ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነ ሌላ መቀየሪያ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ያዙ

ፌስቲቫሉ በየዓመቱ ቋሚ ቀን የለውም። በ2024 የተካሄደው በኦገስት መጀመሪያ ነበር፤ በ2025 ደግሞ በጁን መጨረሻ። ስለዚህ አምና የሄደ ሰው የነገራችሁን ቀን ይዛችሁ ትኬት አትቁረጡ። የዓመቱ ቀን በፌስቲቫሉ በራሱ ገጽ ላይ እስኪወጣ ጠብቁ።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ወጥመድ አለ። ጁንን «ሰኔ» ብለን የመጥራት ልማድ አለን። ጁን 25 ግን በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ነው። «ሰኔ 25» ብሎ የያዘ ሰው የሚደርሰው ጁላይ 2 ቀን ነው፤ በ2025 ቢሆን ኖሮ መድረኩ ተነቅሎ ያገኘው ነበር። የፈቃድ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤት ስታስገቡ ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን ጻፉ፤ አለቃችሁ በአንዱ፣ አየር መንገዱ በሌላው ስለሚያነብ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን በዚህ ቅደም ተከተል ጨርሱ

*ሀ. ቪዛ።* መጀመሪያ ይህን ጀምሩ፤ ጊዜ የሚወስደው እሱ ስለሆነ። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት፤ የምትጠይቁትም የታንዛኒያን ቪዛ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን የኦንላይን ገጽ ነው። «እዚያ ስደርስ አየር ማረፊያ ላይ ያስመቱልኛል» ብላችሁ አትነሱ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት በወቅቱ የሚሠራውን ደንብ አዲስ አበባ ከሚገኘው የታንዛኒያ ኤምባሲ ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩት። የሌላ አገር ፓስፖርት ለያዛችሁ፦ የአሜሪካ ከሆነ ክፍያው 100 ዶላር ነው፤ ለአብዛኛው ሌላ አገር የተራ ጎብኚ ቪዛ 50 ዶላር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመንግሥቱን ገጽ አስመስለው የተሠሩ የወኪል ገጾች አሉ፤ ተጨማሪ ገንዘብ ይወስዳሉ። የትክክለኛው አድራሻ መጨረሻ የታንዛኒያ መንግሥት መለያ (.go.tz) እንዳለው ካላያችሁ የካርድ ቁጥራችሁን አታስገቡ።

*ለ. የቢጫ ወባ ክትባት።* ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ስለሆነች ከእኛ የሚሄድ ሰው ካርዱን ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ የበረራው ዋዜማ ላይ መከተብ አይጠቅምም። ቀድሞ የተከተባችሁም ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለይ ተመልከቱ። የአያት ስም የጎደለበት ካርድ በር ላይ ያከራክራል።

*ሐ. ኢንሹራንስ።* ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ከደሴቲቱ የኢንሹራንስ ድርጅት የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ 92 ቀን ያገለግላል። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይህን አይተካም። ኦንላይን ከፍላችሁ ማረጋገጫውን አትሙ፤ ካረፋችሁ በኋላ ለመክፈል መሰለፍ ምሽቱን ይበላባችኋል።

*መ. ወባ።* ዛንዚባር ላይ የወባ ሥርጭት ከዋናው ምድር በጣም ያነሰ ነው፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ከአዲስ አበባና ከሌላውም ደጋ የሚሄድ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ አንዳንዱ መከላከያ ኪኒን ከጉዞው ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ስለምትነክስ ቅባቱን ለማታ ብቻ አትቆጥቡት።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትነሱ፦ ከዱባይና ከዶሃ ወደ ዛንዚባር በረራ አለ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በአሠሪ ስም ከሆነ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የመውጫና የመመለሻ ፈቃዱን በእጃችሁ አድርጉ። በአዲስ አበባ በኩል ቤተሰብ አይታችሁ ልታልፉ ካሰባችሁ ደግሞ የቢጫ ወባው ካርድ እናንተንም ይመለከታል።

ደረጃ 3፦ በረራና ማረፊያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ይበራል፤ በቀጥታው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አንዳንዱ በረራ መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ስለሚያርፍ ስትቆርጡ ተመልከቱ። ሌላው አማራጭ ዳሬሰላም ድረስ በርሮ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው፤ ባሕሩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በጁንና በጁላይ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ የተባለው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ጀልባ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ በአየር ሂዱ። በጀልባ ብትገቡም ወደብ ላይ ፓስፖርት ይታያል፤ ዛንዚባር የራሷ ቁጥጥር አላት።

ማረፊያ ስትይዙ አንድ ነገር ብቻ አስቡ፦ ከምሽጉ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ደሴቲቱ ውብ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች አሏት፤ ኑንግዊም ኬንድዋም ፓጄም ስማቸው ይጠራል። ለፌስቲቫል ግን አይሆኑም፤ ከከተማው የአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንገድ ናቸው፤ ፊልም ሲያልቅ በሌሊት ታክሲ ስታፈላልጉ ታመሻላችሁ። ስቶን ታውን ውስጥ ሻንጋኒ፣ ፎሮዳኒ፣ ሁሩምዚና ኪፖንዳ የተባሉት ሰፈሮች ሁሉም ከምሽጉ የእግር መንገድ ናቸው።

ቤት ያከራየችሁን ሰው ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው መኪና እስከ በሩ ይገባል ወይ የሚለው ነው። የስቶን ታውን መተላለፊያዎች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍባቸው ናቸው፤ ሻንጣ በጎማ ከመጎተት በጀርባ መሸከም የሚቀልበት ቦታ ብዙ ነው። ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ የሚለው ነው፤ ስልክና ካሜራ ቻርጅ የምታደርጉት ቀን ላይ ስለሆነ።

ዕቃ ስታስተካክሉ ፌስታል አትያዙ። የፕላስቲክ ከረጢት በዛንዚባርም በታንዛኒያም የተከለከለ ነው። ጫማ በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ልማዳችን ስለሆነ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አንዴ ፈትሹ።

ደረጃ 4፦ ገንዘብ

ብር እዚያ አይመነዘርም። ከባንክ በሕጋዊ መንገድ ለመንገደኛ የሚሰጠውን ምንዛሪ ቪዛና ትኬት አሳይታችሁ ውሰዱ፤ ደረሰኙን ከገንዘቡ ጋር ያዙ፤ ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። የቆየ ኅትመት ዶላር፣ በተለይ ከ2006 በፊት የታተመ፣ ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። የዕለት ወጪያችሁን በታንዛኒያ ሽልንግ አድርጉ፤ የመንገድ ምግብ፣ ውኃና አጭር ታክሲ በሽልንግ ሲሆን ዝርዝሩ ይቀላል። ከአየር ማረፊያው እስከ ስቶን ታውን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የታክሲውን ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

ደረጃ 5፦ ፕሮግራሙን አንብቡ፣ ሰዓቱን አትቀይሩ

ዛንዚባርና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ስለሆኑ ስልካችሁ ላይ ምንም አይቀየርም። ይበልጥ የሚያስደስተው የደሴቲቱ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ መሆኑ ነው። ለስዋሂሊ ተናጋሪ ጠዋት የሚጀምረው በእኛው 1 ሰዓት ነው፤ «ሳ ሞጃ ኡሲኩ» ካላችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። የታተመው ፕሮግራም ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 19:00 ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ ሁለት ደንብ ያዙ፦ ወረቀት ላይ ካለው ስድስት ቀንሳችሁ አንብቡ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ደግሞ ቀንሱ፤ በቃል የተነገራችሁን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ሆቴል ተቀባዩ በእንግሊዝኛ ሲናገር በፈረንጁ፣ የታክሲው ሹፌር በስዋሂሊ ሲናገር በሀገሩ ስለሚቆጥር በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ትሰማላችሁ።

ፕሮግራሙን ስታነቡ የምሽቱን በምሽጉ፣ የቀኑን በአዳራሽ ለይታችሁ ምልክት አድርጉ። ሌሎቹ ማሳያ ቦታዎች ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ የአምናውን ካርታ አትመኑ። ትኬት ስትገዙ «ይህ ለአንድ ፊልም ነው ወይስ ለምሽቱ በሙሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፊልሙ ቀጥሎ ሙዚቃ የሚቀርብባቸው ምሽቶች ስላሉ ልዩነቱ ዋጋ አለው። ፌስቲቫሉ ከከተማው ወጥቶ የዛንዚባር ሁለቱ ትልልቅ ደሴቶች በሆኑት በኡንጉጃና በፔምባ መንደሮች ስክሪን ዘርግቶ በነፃ የማሳየት ልማድም አለው። በዚያ ዓመት ካለ አንዱን ምሽት ስጡት። ከመንደሩ ሕፃናት ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ማየት ከምሽጉ የተለየ ነገር ነው፤ መመለሻ መኪና ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ደረጃ 6፦ ምሽቱን አቅዱ

ትልቁ ሥራ ይህ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው።

*ጨለማው ቶሎ ነው።* ዛንዚባር ከምድር ወገብ ደቡብ ስለሆነች በጁንና በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው፤ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ከዚያ 25 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው የምትጠልቀው። ድንግዝግዙም አጭር ነው፤ 1 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። የውጭ ፕሮጀክተር ምስሉ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማግሪብ ሶላትም ፀሐይ እንደጠለቀች ስለሚሰገድ ምሽቱ የሚከፈተው ከእሱ ወዲያ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ፊልም ወደኋላ እንጂ ወደፊት አይመጣም። ትንሽ ቢዘገይ አትደናገጡ፤ ቦታ ለመምረጥ ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ።

*መቀመጫ።* ሦስት ነገር አመዛዝኑ። የፊተኛው ረድፍ ለአንገት አይመችም። የላይኛው እርከን ላይ ነፋሱ ይበረታል፤ የተናጋሪ ድምፅ እየቆራረጠ ይደርሳችኋል። መሃል ላይ፣ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች እኩል በሚርቅ ቦታ መቀመጥ ከሁሉ ይሻላል። ክፍት ቦታ ላይ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለ ወደ አንድ ጎን የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የአንዱን ስፒከር ብቻ ነው። ፕሮጀክተሩ የቆመበትንም እዩ፤ የጨረሩ መንገድ ላይ ከሆናችሁ በተነሳችሁ ቁጥር ጥላችሁ ስክሪኑ ላይ ያርፋል።

እርከኑ ጠንካራ ነው፤ ሁለት ፊልም ተከታትሎ ለሚያይ ሰው ትራሱ ቅንጦት አይደለም።

*ልብስ።* የዛንዚባር ነዋሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን የአክብሮት ምልክት ነው፤ ወንድም ሴትም ይመለከታል። የባሕር ዳርቻ ልብስ ለዳርቻው ነው። ክረምቱን ትታችሁ ስትሄዱ ወፍራም ጃኬት አትያዙ፤ ወቅቱ ለእነሱ ደረቅና ለስለስ ያለው ነው። ሌሊቱ እምብዛም ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፋስ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ነጠላ ትክክለኛው ልብስ ነው፦ ትከሻ ይሸፍናል፣ ነፋስ ይመልሳል፣ ትንኝም ይከላከላል። ቅባቱን ቁርጭምጭሚት ላይ አትርሱ፤ ከወንበር ሥር የሚነክሱት እዚያ ነው።

*ካሜራና ስልክ።* ኤሲ ካለው ክፍል ካሜራ አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ውጭ ብትወስዱ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ፤ መስተዋቱ ከአየሩ ጋር ሙቀቱ ሲስተካከል ጤዛው አይመጣም። ፊልሙን በስልክ መቅዳት ክልክል ነው፤ የስልኩ ብርሃንም ክፍት ቦታ ላይ ከኋላ ላለው ሁሉ ይታያል። ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ ደሴቲቱ አታስገቡ፤ ይወረሳል። መንገድ ላይ ሰው ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በተለይ ሴቶችንና ሰጋጆችን።

ደረጃ 7፦ ከፊልም በፊት ብሉ

ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ዳር፣ ፎሮዳኒ የሚባል መናፈሻ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምግብ ሻጮች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ከሰል ያቀጣጥላሉ፦ በእንጨት የተሰካ ዓሣና ሥጋ፣ የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት በብረት ምጣድ ላይ የሚታጠፍ ቂጣ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ገብቶበት የሚጨመቅ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለመብላት አትተዉት፤ ያን ሰዓት ጥሩው አልቆ የቀረው የቀዘቀዘው ነው።

ከፊታችሁ ሲጠበስ ያያችሁትን ምረጡ። ተጠብሶ የተደረደረና እንደገና የሚሞቅ የባሕር ምግብ፣ በተለይ ቀንድ አውጣ መሰሉና ሸርጣኑ፣ ለሆድ አደጋ ነው። ዋጋውን ሳህኑ ላይ ከመቀመጡ በፊት ተስማሙ። በረዶ የገባበት መጠጥ ተዉ፤ የታሸገ ውኃ ግዙ።

ፌስቲቫሉ በጁን ሲውል ብዙ ጊዜ ከሐዋርያት ጾም ጋር ይገጥማል። ለጿሚ ደሴቲቱ አትከብድም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝና ባቄላ፣ ካሳቫና የተጠበሰ ሙዝ በየቦታው አለ። ኡሮጆ የሚባለው ማንጎና ሎሚ ያለበት ሾርባም ሆድ ይይዛል፤ እንቁላልና ሥጋ ስለሚጨመርበት ግን «ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል» ብላችሁ እዘዙ። ሥጋው ሁሉ ሐላል ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት እሱን ለማይበላ ሰው ዓሣና አትክልቱ ይበቃዋል።

ደረጃ 8፦ ወደ ማረፊያ መመለስ

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ከማረፊያችሁ እስከ ምሽጉ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። መተላለፊያዎቹ ቀንና ሌሊት አንድ አይመስሉም፤ የስልክ ካርታም ግንቦቹ መሃል ቦታችሁን ያሳስተዋል። ምልክት የምታደርጉት ሱቅ ማታ ስለሚዘጋ በር፣ ቅስት ወይም መስጊድ ምረጡ። ማታ ስትመለሱ ጠባቡን አቋራጭ ትታችሁ ሰፋ ባለው እንደ ኬንያታ መንገድ ባለው ሂዱ፤ ከሌላ ተመልካች ጋር ሁኑ። ፓስፖርቱን ማረፊያ ትታችሁ ኮፒውን ያዙ።

ደረጃ 9፦ ፊልም ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ማስገቢያው ፊልምፍሪዌይ በተባለው የፌስቲቫሎች ፊልም መቀበያ የኦንላይን ገጽ በኩል ነው፤ የመጨረሻው ቀን ከፌስቲቫሉ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ከበዓለ ጥምቀት ጀምሮ ተከታተሉት። ከተመረጣችሁ በኋላ ያለው ሥራ ግን ብዙ የማይነገርለት ነው፤ ቅጂው ለውጭ ማሳያ መዘጋጀት አለበት።

1. *ሰብታይትል።* የአማርኛ ፊልም ያለ እንግሊዝኛ ሰብታይትል አይሄድም። ከሁለት መስመር አታስበልጡ፤ በመስመር 40 ፊደል ገደማ ይብቃ። ከስክሪኑ ግርጌ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ክፍት ቦታ ላይ የሰው ጭንቅላት የታችኛውን ጠርዝ ይሸፍናል። ጥቁር ጥላ ወይም ጠርዝ ስጡት፤ ነጭ ፊደል ነጭ ነጠላ ላይ ሲያርፍ አይነበብም፤ በእኛ ፊልም ደግሞ ነጭ ልብስ ብዙ ነው። ለአቅራቢው ከሚሰጠው ቅጂ አንዱ ላይ ጽሑፉ ምስሉ ላይ የተጣበቀ ይሁን፤ የተለየ ፋይል ሆኖ ሲሄድ ይጠፋል።

2. *ድምፅ።* ፊልማችሁ በ5.1 (ድምፁ በስድስት ስፒከር ተከፋፍሎ በሚሰማበት አሠራር) ከተቀናበረ የስቴሪዮ፣ ማለትም የሁለት ስፒከር፣ ቅጂም ሥሩ። በ5.1 ንግግሩ የሚቀመጠው በመሃለኛው ስፒከር ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ባለበት መድረክ በትክክል ካልተጠቀለለ ሙዚቃው ይሰማል፣ ንግግሩ ይጠፋል። በስቴሪዮው ላይ ንግግሩን ከሙዚቃው ከፍ አድርጉ፤ ነፋስና የከተማ ድምፅ ዝቅተኛውን ይውጠዋል።

3. *ጨለማ ትዕይንት።* ውጭ ላይ ጥቁር ጥቁር አይሆንም፤ የሰማዩና የከተማው ብርሃን ያነጣዋል። በኩራዝ ወይም በሻማ ብርሃን የተቀረፀ ትዕይንት ካላችሁ ሁሉም ግራጫ ይሆናል። ለውጭ ማሳያ በሚሆነው ቅጂ የፊት ገጽታውን ብርሃን ትንሽ አንሡ።

4. *እዚሁ ፈትኑት።* ፕሮጀክተር ተዋሱ፤ ማታ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ አሳዩ። ፊልሙን የማያውቅ ሰው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ሰብታይትሉን ጮክ ብሎ ያንብብ። የሚንተባተብባቸው ቦታዎች የሚታረሙት ናቸው። ኤዲት ክፍል ውስጥ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ እናንተ ንግግሩን በቃላችሁ ስለምታውቁት።

5. *ማስረከቢያ።* ፌስቲቫሉ የጠየቀው ዲሲፒም (የሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር የሚያጫውተው የፊልም ቅጂ) ይሁን ሌላ ፋይል፣ በተጨማሪ በተራ ኮምፒውተር የሚከፈት ኤች 264 ኤምፒ 4 ቅጂ ያዙ። ሁለት ዲስክ ላይ ይሁን፤ አንዱ በእጅ ቦርሳ፣ አንዱ በባልደረባችሁ ዘንድ። ማክም ዊንዶውስም እንዲያነበው የዲስኩን ፎርማት ኤክስፋት አድርጉት። ሻንጣ ውስጥ አትጫኑት፤ ሻንጣ ይዘገያል።

6. *የመድረክ ሙከራ።* ምስል በቀን ብርሃን አይፈተንም። ቴክኒሻኑን ከማሳያችሁ በፊት ባለው ምሽት፣ የመጨረሻው ፊልም ካለቀ በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲያሳያችሁ በትሕትና ጠይቁ። አንዱ ደቂቃ ንግግር የበዛበት፣ ሌላው በጣም ጨለማ የሆነው ትዕይንት ይሁን። በሙከራው ጊዜ ከስክሪኑ አጠገብ አትቁሙ፤ የላይኛው እርከን ላይ ውጡና ከዚያ ስሙ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- *ዝናብ አይዘንብም ብሎ መተማመን።* ዋናው ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ነው፤ ደረቁ ወቅት ላይም ግን ከባሕር የሚመጣ አጭር ወጨፎ አለ። ቀላል የዝናብ ካፖርት ይዞ መግባት ከጃንጥላ ይሻላል፤ የእናንተ ጃንጥላ ከኋላ ላለው ስክሪኑን ይጋርደዋል።
- *ሁሉንም ፊልም ለማየት መሞከር።* ቀኑን በአዳራሽ፣ ማታውን በምሽጉ ያሳለፈ ሰው በሦስተኛው ቀን እርከኑ ላይ ያንቀላፋል። በቀን ቢበዛ ሁለት ምረጡ፤ ከሰዓት በኋላ ተኙ።
- *ፊልም ሠሪን ከፊልሙ በፊት ማናገር።* ያን ሰዓት ሐሳቡ ፕሮጀክተሩ ላይ ነው። ካለቀ በኋላ፣ ወይም በማግስቱ ጠዋት ቡና ላይ አግኙት።
- *ትኩሳትን ከድካም መቁጠር።* ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ቢያተኩሳችሁ ቶሎ ተመርመሩ፤ ዛንዚባር እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ካልነገራችሁት አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ወባን አያስብም።
- *በመዝጊያው ቀን መመለሻ መቁረጥ።* ወርቃማው ጀልባ የተባለው ትልቁ ሽልማትና ሌሎቹም የሚሰጡት በመዝጊያው ላይ ነው፤ ፕሮግራሙም ይዘገያል። በረራውን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አድርጉት።